ጆሯቸውን የደፈኑት ጠበቃ

የጋሽ ቃሲምን ሞት የሰማሁት አዳማ፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ቀጠሮዬ ሌላ ቀጠሮ ወልዶልኝ ስወጣ ነው። የደወለችው ልጃቸው ዘይነባ ናት። «አባ ሄዱብን» አለች። «ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት በፊት እንቀብራለን፤ ትደርሳለህ?» ስትለኝ እደርሳለሁ አልኳት። እንደማልደርስ ሁለታችንም አውቀነዋል። የአሰላው ሚኒባስ ሞልቶ እስኪነሳ፣ ደራ ላይ ሰው እስኪያወርድ፣ ኢተያ ላይ የስንዴ ጆንያ እስኪጭን፣ ጋሽ ቃሲም አፈር ለብሰው ነበር።

እኛ ጠበቆች ማርፈድ ለምዶብናል። ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው የምንጠራው፤ ከተጠራን በኋላም ቀጠሮ ነው። ጋሽ ቃሲም ይህን ከኔ ይልቅ ያውቁት ነበር፤ ግን እንደኔ አላማረሩም። እኔ የማማርረውን ለሁለታችንም እንዲበቃ አድርጌ አማርራለሁ፤ እሳቸው ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ያዳምጡኛል።

ብዙ ዓመት አንድ ቢሮ ተካፍለን ሠርተናል። ቢሮ የምለው ለማሳመር ነው። አሰላ ውስጥ ከፍርድ ቤቱ ቁልቁል ስትወርዱ ያለች፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጣሪያዋ የሚያፈስ አንዲት ክፍል ናት። በሩ አጠገብ የቀርከሃ ቅርጫት ነበረች። የገባ ሰው ሁሉ ስልኩን አጥፍቶ እዚያ ያኖራል። «መስጊድ ስትገባ ጫማህን ትተህ አይደለም? እዚህም ስልክህን ተው» ይሉታል። ሚኒስትር ቢመጣ እንኳ አይቀርለትም ነበር፤ ሚኒስትር ግን መጥቶ አያውቅም።

ይህ ቅርጫት ስንት ባለጉዳይ እንዳባረረብን እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ እኮ ሰው ሁሉ መርማሪ ሆኗል። ገና ከደጃፍ «ጠበቃ፣ አይጨነቁ፣ ቀድቼዋለሁ!» እያለ ስልኩን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ የሚገባ ሞልቷል።

«የማንን ድምፅ?» ይላሉ ጋሽ ቃሲም።

«የጎረቤቴን። ከሚስቱ ጋር ስለ ድንበራችን ሲያወራ።»

«ባልና ሚስት ሲያወሩ አንተ እዚያ ምን ታደርግ ነበር?»

ሰውየው ያፍራል፤ ወይም ይቆጣል። ብዙዎቹ ይቆጣሉ፤ ተቆጥተውም ሌላ ጠበቃ ዘንድ ይሄዳሉ። ሰውየው ሲወጣ ጋሽ ቃሲም ወደ እኔ ዞረው «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል ነበር። አሁን ብቅሉም ሥራ ፈታ» ይሉኛል። ገብሱ ሁሉ ለብቅል በሚሸጥበት አገር ይህ ቀልድ ያስቅ ነበር። እኔን ግን አያስቀኝም፤ የቤት ኪራይ የምንከፍለው ከነዚያ ባለጉዳዮች ነበርና።

አንድ ቀን መሮኝ «ጋሼ፣ ቢሰሙት ምን ይሆናሉ? ሰምተው አይጠቅምም ማለት ይችላሉ እኮ» አልኳቸው። ያን ጊዜ ነው የሲሬን ነገር የነገሩኝ።

ሕግ ከመማራቸው በፊት ሲሬ በምትባል ትንሽ ከተማ ስልክ አገናኝ ነበሩ። በዚያ ዘመን ከሲሬ አሰላ ለመደወል መሐል ላይ ገመድ ሰክቶ የሚያገናኝ ሰው ያስፈልግ ነበር። ቃሲም ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አድርገው «ሃሎ አሰላ፣ ሃሎ ናዝሬት» ሲሉ ይውላሉ። ሥራውን ያስተማሯቸው ሽማግሌ ከሁሉ አስቀድመው የነገሯቸው «አገናኝና ጆሮህን አንሳ» የሚለውን ነው። ሁለቱ ሰዎች ሃሎ ከተባባሉ ማዳመጫው ከጆሮ ይወርዳል። የሚቆጣጠር ማንም የለም። ልጅ ታሞ ይሁን፣ ሰርግ ተቆርጦ ይሁን፣ አገናኙ ራሱ ካልተወው በቀር እንዳይሰማ የሚከለክለው የለም። የሲሬ ሰው ግን አያምናቸውም። ገበያ ሲወጡ «እከሌ ምን ተባለ?» ይሏቸዋል፤ «አልሰማሁም» ሲሉ ይስቁባቸዋል።

«አላህ ለዓይን ቆብ ሰጠው። ለጆሮ አልሰጠውም። የጆሮውን ለእኛ ተወልን» አሉኝ። ከዚያም የጀመሩትን ማመልከቻ መጻፍ ቀጠሉ። እኔ በልቤ፣ ሽማግሌ ነው፣ ዘመኑ አልፎበታል አልኩ።

እመቤት የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። እመቤት ልበላት፤ እውነተኛ ስሟን እዚህ መጻፍ የሚገባኝ አይመስለኝም። ከደብረ ብርሃን መጥታ ኦጎልቾ የተመደበች ነርስ ነበረች። እህል ነጋዴ አግብታ፣ ልጅ ወልዳ፣ እንግዲህ አገሬ ይህ ነው ብላ ተቀምጣ ነበር። ባሏ አዲስ ስልክ ገዝቶ ሰጣት፤ እሷም ደስ ብሏት ለሥራ ባልደረቦቿ አሳየች። አንድ ቀን እራት ላይ ባልየው፣ ለታናሽ እህቷ ብቻ ያወራችውን ነገር ቃል በቃል፣ የሳቀችበት ቦታ ላይ እየሳቀ፣ ያለቀሰችበት ቦታ ላይ እየተነፋረቀ ደገመላት። ስልኩ ከመሰጠቱ በፊት የምትናገረውን ሁሉ ወደ እሱ የሚልክ ነገር ተጭኖበታል። ብዙ ወራት ከእናቷና ከእህቷ ጋር ስታወራ ሦስተኛ ሆኖ ተቀምጦ ነበር።

እሷ ልጁን ይዛ ወጣች። እሱ ፍቺ ጠየቀ፣ ልጁንም ጠየቀ፤ ማስረጃ ብሎም የቀዳውን አቀረበ። እመቤት ይህን ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፣ አላለቀሰችም። ስልክ የሚባል ነገር ይዛ ስላልመጣች በሩ አጠገብ ያለችው ቅርጫት ባዶ ነበረች። ጋሽ ቃሲም ቅርጫቷን አዩ፣ እሷን አዩ፣ «ልጄ፣ ያንን ነገር እንዳይሰሙት እንከራከራለን» አሏት። ልጅሽን አስመልስልሻለሁ አላሏትም። እንዲህ ያለ ተስፋ አይሰጡም ነበር።

ጉዳዩ የታየበትን የወረዳ ፍርድ ቤት ስም ልተወው። ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የደከማቸው ሰው ነበሩ። ጠረጴዛቸው ላይ መዝገብ ተቆልሏል፣ አግዳሚው ላይ የከብት፣ የመሬት፣ የድብደባ ባለጉዳይ ጢም ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ጋሽ ቃሲም ተነስተው፣ ሕገ መንግሥቱ ሰው በስልክ የሚያደርገውን ንግግር እንዳይደፈር ይከላከላል፣ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ጠልፎ መቅዳት ወንጀል ነው፣ በወንጀል የተገኘ ነገር ችሎት ፊት ሊከፈት አይገባም አሉ። ይህ ካልሆነ ችሎቱ ይዘጋልን፣ ሰው ይውጣልን ሲሉም ለመኑ።

ዳኛው ሰዓታቸውን አዩ። «እንስማውና እንወስናለን» አሉ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከሰማችሁት በኋላ የምትወስኑት ምን ይቀራል? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።»

«ኦቦ ቃሲም፣ ተቃውሞዎ ተመዝግቧል። ይቀመጡ።»

አንድ ነገር ላስረዳ። የኛ ችሎት የሚሠራው በኦሮምኛ ነው። እመቤት ከእህቷ ጋር ያወራችው በአማርኛ ነው። ስለዚህ የተቀዳው ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እየቆመ፣ አስተርጓሚው ጮክ ብሎ በኦሮምኛ ይደግመዋል። አማርኛ ያመለጠው ቢኖር በኦሮምኛ ይደርሰዋል። አስተርጓሚው ወጣት ነው፣ ፊቱ ቀልቷል፤ ግን ሥራው ነውና ጥርት አድርጎ ተናገረ።

ምን እንዳለች አልጽፍም። ወንጀል አልነበረም፣ ነውርም አልነበረም። ሰው ጭንቅ ሲይዘው ለእህቱ ብቻ የሚላት ነገር ነው። አግዳሚው ላይ ያሉት በሬ የጠፋባቸው ሰዎች ሁሉ ሰሙት። እኔም ሰማሁት፤ እስከ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም።

ጋሽ ቃሲም ግን ገና የመጀመሪያው «ሃሎ» ሲሰማ ሁለት መዳፋቸውን አንስተው ጆሯቸውን ደፈኑ። መነጽራቸው ተንጋደደ። ዳኛው «ኦቦ ቃሲም፣ እጅዎን ያውርዱ!» አሉ፤ አልሰሙም። ዳኛው ደገሙ። የችሎቱ ፖሊስ ሄዶ ትከሻቸውን ነካ ሲያደርጋቸው ቀና ብለው አዩትና አይሆንም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሽበታም ጠበቃ፣ ካባ ለብሶ፣ መብረቅ እንደፈራ ሕፃን ጆሮውን ይዞ ሲቆም ያስቃል። እኔ አፈርኩላቸው። እመቤት አልሳቀችም። ድምፅዋ ሁለት ጊዜ እየተነገረባት ሳለ እሳቸውን ብቻ ነበር የምታየው።

ችሎት ደፍረዋል ተብለው ተቀጡ፤ እስኪመሽም ፖሊስ ጣቢያ ተቀመጡ። ልጠይቃቸው ሄጄ «ጋሼ፣ በእርስዎ ዕድሜ?» ብላቸው፣ «በኔ ዕድሜ የሚጎዳኝ ብርዱ ነው። ጋቢዬን አምጣልኝ» አሉኝ።

ልጁ ለጊዜው ለአባቱ ተሰጠ። አሰላ ይግባኝ ብለን ወጣን፤ ተመላለስን። መመላለስ ማለት ምን እንደሆነ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ያልሄደ አይሂድ። በመጨረሻ የይግባኙ ፍርድ ቤት፣ ተጠልፎ የተቀዳው ሊሰማ አይገባም ነበር፣ ሌላ ዳኛ እሱን ሳያይ እንደገና ይወስን አለ። ሌላው ዳኛ ሳያይ ወሰነ፤ ልጁ ለእናቱ ተመለሰ። ልጁ ሲመለስ እናቱን እንደ እንግዳ ነበር የሚያያት። አዲሱም ዳኛ ቢሆን የሚኖረው እዚያው ከተማ፣ ሻይ የሚጠጣው እዚያው ሻይ ቤት ነው። ምን እንደሰማ አላህ ይወቅ።

እኔ መዝገቡን ዘግተን የምናርፍ መስሎኝ ነበር። እመቤት ግን ቢሮ መጥታ «ልጄን አገኘሁ። ድምፄንስ?» አለች። ጋሽ ቃሲም ያሉትን መንገዶች ዘረዘሩላት። በወንጀል ይከሰሳል፤ በፍትሐ ብሔር ካሳ ይጠየቃል፤ የቀዳውም እንዲጠፋ ይታዘዛል። «ሦስት መንገድ አለ። ሦስቱም ዳገት ናቸው» አሏት። «እወጣዋለሁ» አለች። እሷ ገና አልደከማትም ነበር።

በወንጀሉ አቤቱታ ስታቀርብ ሽማግሌዎች መጡባት። ባልየው የላካቸው ናቸው። «ልጄ፣ የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም» አሏት። «አባቶቼ፣ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። አደባባይ ያወጣው ማን ሆነና ወደኔ መጣችሁ?» ብላ መለሰችላቸው። ዱላቸውን አንስተው ሄዱ። ዐቃቤ ሕጉ ግን ስልኩ ላይ ያንን ነገር የጫነው ባልየው ለመሆኑ ማስረጃ አምጡ አለ። ስልኩ የለም፤ ባልየው መልሶ ወስዶታል። የጫነለት ሰው አልታወቀም።

አንድ ቀን እመቤት ፊቷ በርቶ መጣች። እጇ ላይ ፍላሽ ይዛለች። ባልየው የገዛ ስልኩን ሊያሠራ ሲሰጥ፣ ስልክ ጠጋኙ በውስጡ የተቀዱትን ንግግሮች ገልብጦ አስቀርቷል፤ ከነዚያ መካከል ባልየው የእመቤትን ስልክ ካዘጋጀለት ሰው ጋር እየሳቀ ያወራበት አለ። ጠጋኙ አዝኖላት ሰጣት። እኔ ከወንበሬ ተነሳሁ። አለቀ አልኩ፣ ያዝነው!

ጋሽ ቃሲም ወደ በሩ ሄደው እጃቸውን ቅርጫቷ ላይ አደረጉ። «እሱ ያውቃል?» አሉ።

«ማን?»

«ባለቤትሽ። ንግግሩ እንደተወሰደ።»

«እንዴት ያውቃል? እሱ የኔን ሲወስድ አውቄ ነበር?»

«እንግዲያው አልሰማውም።»

እመቤት ቀላች። «ጋሼ! እሱ እኔን ሲሰማ ማን ከለከለው?»

«እኔ ልከለክል ሞክሬ ነበር፤ አልቻልኩም። ራሴን ግን መከልከል እችላለሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለዐቃቤ ሕጉ ራስሽ ብትወስጂው አላስቆምሽም፤ አልፈርድብሽምም። ሌላ ጠበቃ ብትይዢም አልቀየምሽም። ካንቺ የበለጠ የተበደለ የለም። እኔ ግን ያን ቀን ጆሮዬን የደፈንኩት ያንቺ ድምፅ ስለሆነ ብቻ አይደለም» አሏት።

ፍላሹን ይዛ ወጣች፤ በሩን ወርውራ ዘጋችው። እኔም ተናገርኳቸው። እሳቸው የሚኮሩበት ሥርዓት ዋጋውን እሷ እየከፈለችው ነው፣ ይህ ጥብቅና አይደለም አልኳቸው። «ልክ ልትሆን ትችላለህ» አሉኝ። እንዲህ ሲሉ የባሰ ያናድዱኛል። እስከ ዛሬም ልክ ነበሩ ብዬ አልምልም። ሕጉ ራሱ ስለዚህ ነገር ጥርት አድርጎ አይናገርም፤ ዳኛ ሁሉ እንደየአስተያየቱ ነው የሚፈርደው።

የወንጀሉ መዝገብ ማስረጃ ጎደለው ተብሎ ተዘጋ። ፍላሹ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ አልደረሰም። ለምን እንዳልደረሰ አላወቅሁም፤ እሷንም አልጠየቅኋት።

የቀረው ካሳው ነበር። በፍትሐ ብሔር የሚበቃው ማስረጃ አለ፤ ባልየው ራሱ ነው ንግግሯን ችሎት ይዞ የቀረበው። ፈረዱላት። የተቀዳው ሁሉ ይጥፋ ተባለ፤ ለደረሰባት የኅሊና ጉዳትም አንድ ሺህ ብር ይከፈላት ተባለ። ዳኛው ቸግሯቸው ነው፤ የድሮው ሕግ ለኅሊና ጉዳት ከዚያ በላይ አይፈቅድም። ጋሽ ቃሲም ይህን ከመጀመሪያው ነግረዋት ነበር፤ ሲነበብ መስማት ግን ሌላ ነው።

ከችሎት ስንወጣ «ሕጉ ሲወጣ በዚህ ብር ጥማድ በሬ ተገዝቶ ይተርፍ ነበር። ሕጉ ባለበት ቆመ፣ በሬው ሄደ» አሏት።

«ዛሬ ምን ይገዛል?»

«ዶሮ። እሱንም ከተከራከርሽ።»

እመቤት ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሳቋ ሳያልቅ «ጋሼ፣ መጥፋቱንስ ማን አይቶ ያረጋግጥልኛል?» አለች።

ጋሽ ቃሲም ውሸት አያውቁም። «ማንም» አሏት።

በዚያው ሰሞን ዝውውር አግኝታ ልጇን ይዛ ወደ አገሯ ሄደች። ደኅና ሁኑ አላለችንም። ጋሽ ቃሲም አልፎ አልፎ፣ ሥራ ላይ ሳለን በድንገት «ያቺ ልጅ ደውላ ታውቃለች?» ይሉኛል። አልደወለችም ስላቸው «ልክ ናት። እኔም ብሆን ስልክ አልነካም» ይላሉ። ተቀይማቸው እንደሄደች ነበር የማስበው። እሳቸውም እንደዚያው ያስቡ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ አርጅተው አየኋቸው። ቅርጫቷን ግን ከበሩ አላነሷትም።

እንግዲህ ሞቱ። በለቅሶው፣ በተዝያው በሦስተኛ ቀን ድንኳኑ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጬ ሳለሁ፣ ነጠላ ያዘቀዘቀች ሴት በአጥሩ በር ገባች። ሙስሊሙ ሰፈር ውስጥ ነጠላዋ ከሩቅ ታየኝ። እመቤት ነበረች፤ ከደብረ ብርሃን ሌሊት ተነስታ መምጣቷ ነው። ሴቶቹ ወዳሉበት ገብታ ከዘይነባ ጋር ተላቀሰች። ቆይታ ወጣችና ድንኳኑ ጠርዝ ላይ፣ ከኔ አጠገብ ባለው አግዳሚ ተቀመጠች።

«እግዜር ያጽናዎት» አለችኝ። ስለ ልጇ ጠየቅኋት፤ ትምህርት ጀምሯል አለች። ከዚያ ራሷ ጀመረች።

«ያን ፍላሽ ለማንም አልሰጠሁትም።»

«ተናደሽ ነበር እኮ።»

«በጣም። እየሰደብኳቸው ነው የሄድኩት። ዐቃቤ ሕጉ በር ላይ ደርሼ ቆምኩ። እዚያ በር ላይ ሆኜ፣ ያን ቀን ሰው ሲስቅባቸው ጆሯቸውን ይዘው እንዴት እንደቆሙ ትዝ አለኝ። ተመለስኩ።» ነጠላዋን ሰበሰበች። «ካሳ ብለው የሰጡኝ ሁሉ ከንቱ ነው፤ እርስዎም ያውቃሉ። እኔ ያገኘሁት ካሳ እሳቸው ናቸው። በዚያ ክፍል ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ ሳላፍር ዓይኑን የማየው የእሳቸውን ብቻ ነበር። አልሰሙኝማ። አሁን እሳቸውም ሄዱብኝ።»

አይዞሽ ልላት ወደ እሷ ዞርኩ። እሷ ግን ይህን ሁሉ ስትነግረኝ አንድ ጊዜም ወደኔ አላየችም፤ የምታየው የድንኳኑን ምሰሶ ነበር። እኔ ያን ቀን ሰምቻት ነበርና።